አጥር የሌለው በር

ከተማችን ስለ ቤት አልባ ሰዎች እንዲመክር ባቋቋመችው ምክር ቤት ውስጥ እንደ እኔ የተደመጠ አባል አልነበረም። ለመናገር እጄን ሳወጣ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ዝንቡ ሳይቀር መስኮቱ ላይ አርፎ ያዳምጣል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤው ምስክሬ ነው። እርግጥ በሁለት ዓመት ውስጥ ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረልኝ ንግግር ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው «መስኮቱ ይከፈት» የሚል ነው። ሁለተኛው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ጸጥታውም ቢሆን ስብሰባው ከምሳ በኋላ ስለሚደረግ ነው። ግማሹ አባል ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስልኩን ይነካካል።

የተመረጥኩትም ተወዳድሬ አይደለም። የወረዳችን አዳራሽ ውስጥ «ኮልፌ ቀራንዮን ወክሎ ምክር ቤቱ ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰው ከሕዝቡ ምረጡ» ተባለ። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሳምንት የተደወለልኝ የመጀመሪያ ስልክ ስለነበር፣ ዋንጫ እንደ ተሸለመ ሰው ከፍ አድርጌ ይዤው ወጣሁ። አንዲት ሴት ናት። «ዘይቱን ገዛኸው?» አለችኝ። ቁጥር ተሳስታ ነው። ሰው «ተሳስተሻል» ብሎ ይዘጋል፤ እኔ ግን «የቱን ዘይት?» አልኳት። ስለ ዘይት ጥቂት ተጫወትን። ኋላ ድምፄ ሲከነክናት ዘጋችው። ስመለስ አዳራሹ ያጨበጭባል። ተመርጬአለሁ። በእኛ ሰፈር ደንቡ እንዲህ ነው፤ ምርጫ ላይ ወደ ውጭ የወጣ ሰው አለቀለት፣ እምቢ ለማለት በቦታው የለማ!

እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ምክር ቤቱ ተመቸኝ። በየአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ነው የምንሰበሰበው። ወንበሬ ፊት «የኮልፌ ቀራንዮ ተወካይ» የሚል የታጠፈ ካርቶንና አንድ ውሃ ይቀመጥልኛል። ከሁሉ በላይ ግን፣ በዋዜማው ረቡዕ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ ትደውልልኛለች። «ነገ ይመጣሉ አይደል?» ትላለች። ለሃያ ሰው የምትደውለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። ቢሆንም እኔ መልሱን ከማክሰኞ ጀምሬ አዘጋጃለሁ። አንዴ «ፈረሴ ካልታመመ እመጣለሁ» ብያት «እሺ ይማርልዎ» ብላ ዘግታዋለች።

እኔ እንግዲህ አየር ጤና አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ ጠባቂ ነኝ። ቤቴ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ባለቤቴ ቀልዴን አስራ ስድስት ዓመት አዳምጣ ስትጨርስ፣ ልጃችንን ይዛ አዳማ እናቷ ቤት ገባች። ተጣልተን አይደለም። «አንተ እኮ አንድም ቀን ደህና መልስ መልሰህልኝ አታውቅም» ነው ያለችኝ። እኔም «መቼ ጠየቅሽኝ?» ብዬ ሳቅሁ። ብቻዬን ነው የሳቅሁት። ጎረቤቶቼ ደግሞ ጥሩ ሰዎች ናቸው ይባላል። እኔ በደንብ የማውቀው ጫማቸውን ነው፤ በር ላይ አውልቀውት ስለሚገቡ። የሦስተኛው በር ትልቁ ስኒከር ባለፈው ዓመት በአዲስ ሲተካ ደስ ብሎኛል። «እንኳን ደስ ያላችሁ» ልል ፈልጌ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ በጋው ሊወጣ ሲል፣ ምክር ቤቱ የምር የሆነ ነገር አገኘ። በከተማው ወዲያኛው ጫፍ የቆመ አንድ አሮጌ መጋዘን ታድሶ ለአረጋውያን መኖሪያ ሆኗል። አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ነው። አልጋ አለው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ የሚያበስልም አለ። ሰብሳቢያችን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ደግ ሴት፣ እንዲህ አሉ፦

«እያንዳንዳችሁ ከየሰፈራችሁ አንድ ሰው ታመጣላችሁ። ዕድሜው የገፋ፣ ቤት የሌለው፣ ሥራ የሌለው፣ ጧሪ የሌለው። አንድ ሰው፣ አንድ ቅጽ። ክረምቱ ሳይገባ ነው እንግዲህ፤ አደራ።»

የእኔ ሰው ማን እንደሆነ ለማሰብ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ከቤቴ ወደ ታክሲው ስወርድ መንገዴ ላይ ድሮ ጣውላ መሸጫ ነበረ። መንገዱ ሲሰፋ ባለቤቱ ጣውላውን ጭኖ ሄደ፤ አጥሩም የዘበኛው ጎጆም ተነሣ። በሩ ብቻ ቀረ። ሁለት ተካፋች፣ አረንጓዴ የብረት በር፣ ምሰሶው በሲሚንቶ ስለተቀበረ አፍራሾቹ «ነገ እንመለስበታለን» ብለውት የሄዱ። ሜዳ ላይ ለብቻው ቆሟል። ዘበኛውም ቀሩ። ባለቤቱ ሲሄድ «እስክመለስ ይጠብቁ» ብሏቸው ነበርና ጠበቁ። ሃያ ምናምን ዓመት ያደሩባት ጎጆ ብትፈርስም ከበሩ ጀርባ ላስቲክ ወጥረው እዚያው ያድራሉ። ከጎጃም በወጣትነታቸው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ካቦርታቸውን በሐሩርም አያወልቁም። አንገታቸው ላይ ፊሽካ አለ። በሩን ደግሞ ይቆልፉታል፣ በትልቅ ጓጉንቸር።

በግራም በቀኝም ሰው ያልፋል፤ በግ ያልፋል፤ አንድ ቀን ሲኖትራክ ሲያልፍ አይቻለሁ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በሩ ፊት ቆሜ አንኳኳለሁ።

«ማነው?»

«የመንግሥት ሰው ነኝ፣ ጋሼ!»

«መንግሥት እንዲህ በጠዋት ተነሥቶ ያውቃል? ዋሾ! መታወቂያ!»

ምሳ ዕቃዬን በበሩ ስንጥቅ በኩል አሳያቸዋለሁ። ከፍተው ያሸቱታል። «ሽሮ። የመንግሥት ሰው ሽሮ አይቋጥርም፤ በል እለፍ» ይሉኛል፣ ከዚያም ጓጉንቸሩ ይከፈታል፣ እኔም እንደ ሚኒስትር አልፋለሁ። ዳቦ እሰጣቸዋለሁ፣ ድንጋዩ ላይ እንቀመጣለን፣ አንድ ቀልድ አወራለሁ። አሳሳቃቸው ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ይሞላል፣ በመጨረሻ በካቦርታቸው እጅጌ ፊታቸውን ይጠርጉና «አንተ ሰው፣ ትገድለኛለህ» ይላሉ። ጋራዡ ውስጥ ቀልድ ስጀምር ሁሉም ብሎን ፍለጋ ጎንበስ ይላል። እንደ እሳቸው የሳቀልኝ ሰው የለም። ቀልዶቼን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ለእሳቸው ነበር የማዘጋጀው።

ቅጹን ይዤ የሄድኩት ቅዳሜ ነው። አንኳኳሁ፣ ተጠየቅሁ፣ ገባሁ። ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ቤቱ ዝናብ አያስገባም አልከኝ?»

«ጠብታ አያስገባም፣ ጋሼ።»

«ሰውስ አለበት?»

«ለሁለት ነው አንድ ክፍል። የሚያወራዎት አያጡም።»

«እህ» አሉ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ባለፈው ክረምት ላስቲኩን ነፋስ ወስዶባቸው ሦስት ቀን በርጥብ ካቦርት እንዳደሩ ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። «ዘንድሮስ ፈርቼ ነበር፤ ደረቴ ጤነኛ አይደለም። ጻፍልኝ በል።»

ጀመርኩ። «ዕድሜ?»

«በቂ ብለህ ጻፍ።»

«ቤተሰብ?»

«ነበረ።»

«ነበረ የሚል ቦታ የለውም።»

«ባዶውን ተወዋ።»

«ሥራ?»

«ዘበኛ።»

«ምን ይጠብቃሉ ጋሼ?»

ዘወር ብለው አዩ። የሚታይ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «በሩን» አሉኝ፤ ትከሻቸውም ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እየሳቁ፣ ለጨዋታ ያህል፣ «እኔ ስሄድ ግን ለአንተ ማን ይከፍትልሃል?» አሉ።

«ዞሬ አልፋለሁ» አልኳቸው። እሳቸው በጣም ሳቁ። እኔ ቅጹ ላይ አቀርቅሬ ጻፍኩ።

የሚቀጥለው ሐሙስ ሰብሳቢያችን ቅጾቹን አንድ በአንድ እያነሱ አዩ። የእኔ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«የኮልፌ ተወካይ፣ ሥራ የሚለው ላይ ዘበኛ ይላል። ሥራ ላይ ያለ ሰው እኮ አይገባም። ተሳስተው ነው?»

ይኸኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ተነሣሁና «ኧረ ሥራ ላይ ናቸው! እንዲያውም እስከ ዛሬ ፈቃድ ወስደው አያውቁም» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የተኙት ሁሉ ነቁ። ቃለ ጉባኤ ያዧ እስክሪብቶዋን ጥላ ሳቀች። በሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም፤ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። ቀልድ ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም እንጂ ሦስተኛው ንግግሬ ይሆን ነበር። ሰብሳቢዋም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «እንግዲህ ተጠባባቂ ላይ እናድርጋቸው» አሉና ቅጹን ወደ ጎን አኖሩት።

ከጎኔ የሚቀመጡት ሐጂ ብቻ አልሳቁም። የነጋዴዎች ተወካይ ሆነው የገቡ፣ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። መቁጠሪያቸውን አቁመው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እኚህ ሰውዬ በሩ ብቻ የቆመው ቦታ ያሉት አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው፣ ሐጂ።»

«ምኑን ነው የሚጠብቁት?»

«በሩን ነዋ።»

አዩኝ፣ አዩኝና «ወላሂ አንተ ሰው…» ብለው ተዉት። መቁጠሪያው ቀጠለ።

ለጋሼ «ወረቀቱ እየታየ ነው» አልኳቸው። «ይታይ፣ ይታይ፤ ችኮላ የለብኝም» አሉኝ። በማግስቱ ገበያ ወርጄ የተገኘውን ወፍራም ላስቲክ ገዛሁላቸው። ድንኳን የሚያክል ነው። ሠርግ ይደገስበታል። ሲያዩት ደነገጡ። «ምነው፣ ወረቀቱ አልሆነም እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ ሆኗል፤ ይሄ ለበሩ ነው፣ እንዳይዝግ» አልኩ። ሳቁ። ያ ሳቅ እንደ ወትሮው አልጣፈጠኝም።

ዝናቡ በዚያው ሳምንት ገባ። የኮልፌን ክረምት ለማያውቅ፣ ውሃው ከሰማይ ብቻ የሚወርድ አይምሰለው፤ ከመሬትም ይመጣል፣ ከጎንም ይመጣል። የሠርጉ ላስቲክ ለሁለት ሳምንት ቻለ። ከዚያ ጋሼ ሲስቁ መጨረሻው ሳል መሆን ጀመረ። ሳሉ ከሳቁ እየረዘመ ሲሄድ ቀልድ ቀነስኩ። ቀልድ ስተው ግን የማወራው አጣሁ። አንድ ጠዋት ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ሳላስበው ስለ ባለቤቴ ነገርኳቸው።

«እሷ ትጠይቅህ ነበር?» አሉኝ።

«ምን ብላ?»

«ደህና ነህ ወይ ብላ።»

«ሁልጊዜ።»

«አንተስ?»

«ቀልድ ነበር የምነግራት።»

አልሳቁም። ዳቧቸውን ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ሰጡኝ። ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ ግን ተቀብዬ በላሁ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ «ዛሬ ለሰብሳቢዋ ደውዬ አስተካክላለሁ» እላለሁ። ጋራዥ ስደርስ ደግሞ «ነገ» እላለሁ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። የሚደውልበት የለም፣ መደወያ ግን ነበረው።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አንኳኳሁ። «ማነው?» የሚል ጠፋ። ደግሜ አንኳኳሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሳንኳኳ፣ ማዶ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር ሴት «ምነው አባቴ፣ ዞረው አይገቡም? በሩ እኮ አጥር የለውም!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሜዳ ላይ ለቆመ በር፣ ዝናብ እየመታኝ፣ ይከፈትልኝ ብዬ ቆሜአለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሬ ገባሁ።

ጋሼ በሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ካቦርታቸው ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል። ሰውነታቸው እንደ ምድጃ ይፋጃል። ቁልፉን በእጃቸው ይዘዋል፤ ሳንኳኳ ሊነሡ ሞክረው አቅቷቸው ነው። ሲያዩኝ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ማ…» አሉና ሳሉ ወሰደው።

የምደውልለት ሰው ሳስብ የመጣልኝ ሐጂ ብቻ ናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው በፒካፕ መጡ። ተጋግዘን ጭነን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ነርሷ ደረታቸውን አዳምጣ ፊቷ ጠቆረ። «ሳንባቸው ነው። አባት የት ነው የሚያድሩት?» አለችን። ሐጂ እኔን አዩኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል አየሁ።

ጋሼ መርፌ ተወግተው ሲያሸልባቸው ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

«ቅጹን ለምን እንደዚያ ጻፍከው?» አሉኝ ሐጂ።

«እሳቸው ዘበኛ ነኝ አሉኝ። ክብራቸውን ልንካ?»

«ላስቲክ ውስጥ የሚያድር ክብር?»

«ጣውላ ቤቱ ቢመለስስ ሐጂ፣ ሥራቸውን ባስነጥቃቸው…» ብዬ ለመሳቅ ሞከርኩ። አልረዱኝም። የሚያግዘው ያጣ ሳቅ እንዴት እንደሚቆም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መሃል ላይ ይቀራል።

«ሐሙስ ታስተካክለዋለህ» አሉኝ። «ካላስተካከልክ እኔ እናገራለሁ።»

ሁለተኛው ንግግሬ እንግዲህ ይሄ ነው። ሐሙስ ቆሜ ተናገርኩ፤ አዳራሹ የምር ጸጥ አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ሰፍሯል፦ «የኮልፌ ቀራንዮ ተወካይ በቅጹ ላይ ዘበኛ የሚለው የጽሑፍ ስህተት መሆኑንና ግለሰቡ ምንም ሥራ የሌላቸው መሆኑን አስረድተዋል።» ሰብሳቢዋ «ያጋጥማል፣ እንኳን አወቅነው» አሉኝ። ለአንድ ክፍል ተመርጠው የነበሩ ሰው ዘመድ አግኝተው ወደ አገራቸው ስለገቡ አልጋ ነበረ። ለጋሼ ተሰጠ። ሐጂ ውሃቸውን ከፍተው ጠጡ።

ጋሼ ጤና ጣቢያው ተኝተው ከበረቱ በኋላ፣ የሚሄዱበት ቀን በሐጂ ፒካፕ ወደ በሩ መለስናቸው። ዕቃቸው በአንድ ማዳበሪያ ገባ። ግን መኪናው ላይ አልወጣም አሉ።

«ዘበኛ ተረኛው ሳይመጣ ቦታ አይለቅም። ርክክብ አለ።»

«ተረኛው ማነው ጋሼ?»

«ሌላ ማን አለ? ና ተረከብ።»

ቁልፉን ሰጡኝ። ፊሽካውንም ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። «በሩ አንድ፣ ጓጉንቸሩ አንድ። ስንጥቁን እንዳትደፍነው፣ መታወቂያ የምታይበት ነው» አሉ። ሐጂ መሪያቸውን ይዘው ወደ ማዶ ያያሉ። ጋሼ ከፒካፑ ላይ ሆነው ሲርቁ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ከሩቅ አይለይም።

ከሁለት ወር በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ነው፤ እኔ ስደርስ ሌላ አገር የደረስኩ መስሎኝ የሚመነዘር ብር ልፈልግ ነበር። ኮሪደሩ ላይ እንደገባሁ ድምፃቸውን ሰማሁ። ቀልድ እያወሩ ነው። የእኔን ቀልድ፤ እኔ የማቆምበት ላይ እያቆሙ። አብሯቸው የሚኖረው ሽማግሌ ይስቃል፣ ከወዲያኛው ክፍልም የመጡ አሉ መሰለኝ፣ ብዙ ሰው ነው የሚስቀው። ቀልዱ እስኪያልቅ ውጭ ቆየሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከእኔ ያሳምሩታል።

አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«የመንግሥት ሰው ነኝ!»

«ግባ፣ ክፍት ነው!»

ገባሁ። ወፍረዋል። ካቦርቱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ያለ ካቦርት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፣ ትንሽ ሰው ናቸው። አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። ስለ በሩ ጠየቁኝ፣ «ደህና ነው» አልኩ። ልሄድ ስነሣ እጄን ይዘው «እስቲ ንገረኝ፣ ያ ወረቀት ለምን ያን ያህል ዘገየ?» አሉኝ።

«የጽሑፍ ስህተት ነበር፣ ጋሼ።»

«ማን ነው የተሳሳተው?»

«አንድ ጸሐፊ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ ሰው ነው» አሉና ወደ በሩ ሸኙኝ።

በሩ አሁንም ሜዳው ላይ አለ። ቁልፉ ከቤቴ ቁልፍ ጋር ታስሯል። ጠዋት ጠዋት ዞሬ ነው የማልፈው። በስብሰባው ሐሙስ ምክር ቤቱ እሄዳለሁ፤ ረቡዕ ልጅቷ «ይመጣሉ አይደል?» ስትለኝ «አዎ» ብቻ እላታለሁ፤ ስለ ፈረሱ አልነግራትም።

ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ውሸት ነው። ስህተት አልነበረም። ሥራ የሚለው ቦታ ላይ «የለም» ብዬ መጻፍ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። «ዘበኛ» ብዬ ከጻፍኩ እንደሚመለስም አውቅ ነበር። ለክብራቸው ብዬ አይደለም፤ ለቀልድም አይደለም። እሳቸው ከሄዱ ጠዋት «ማነው?» የሚለኝና የሚስቅልኝ ሰው ስለማይኖረኝ ነው። የታመመ ሽማግሌ አምስት ሳምንት ዝናብ ላይ ያሳደርኩት እኔ ነኝ፤ ለእሳቸውም እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።